ከኋላ የሚያልፉት ክቡር ሰው

ካሜራ በተተከለበት ስፍራ ሁሉ ከኋላ የሚያልፍ ሰው አይታጣም። በማግዳሌና ወንዝ ዳር በምትገኘው በፑዌርቶ ሴሬኖ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት ክቡር ዶን ኤቤራርዶ ናቸው። ከተማዋ በየዓመቱ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ታዘጋጃለች፤ እዚያው ተቀርጾ ለውድድር ከቀረበው ሁሉ እሳቸው ያላለፉበት አልነበረም። ዓሣ አጥማጁ ጎርፍ ስለወሰደው ቤቱ ሲያለቅስ፣ ከትከሻው ኋላ ዶን ኤቤራርዶ ባርኔጣቸውን አንሥተው ያልፋሉ። መበለቲቱ ባሏን ስትቀብር ያልፋሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይመለሳሉ። "ወዴት ነው?" ቢሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ "መንገዴ ነው።"

ማሪሴላ ይህን መንገድ አምርራ ትጠላው ነበር። በዋና ከተማው የፊልም ሙያ የተማረች፣ ለካሜራ ተብሎ የተደረገን ነገር ሁሉ እንደ ሐሰት የምትቆጥር ጥብቅ ሴት ናት። ስለ ጀልባ ቀዛፊዎች ስትቀርጽ ክቡርነታቸው አንድ ቀን ፍየል እየጎተቱ፣ ሌላ ቀን ያችኑ ፍየል ተሸክመው አለፉ። ፊልሙን ስታቀናብር አንድም ሳታስቀር ቆርጣ ጣለቻቸው። የሕዝቡን ሽልማት ብታገኝ "ሥራ ፈት" የሚሏት ጎረቤቶቿ አፋቸውን ይይዙ ነበር።

የሽልማቱ ዕለት ማታ ፊልሙ በገበያው ግድግዳ ላይ ታየ። በአገሩ ልማድ ተመልካች ሁሉ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ይይዛል፤ ፊልሙን ካመነው ከግድግዳው ሥር በተቀመጠው ቅል ውስጥ ይጥላታል፣ ካላመነው ለዶሮ ይበትናታል፤ ብዙ ፍሬ በቅሉ ያገኘ ያሸንፋል።

ገና ሳይጋመስ ሹክሹክታ ተነሣ።

"ዶን ኤቤራርዶ የታሉ?"

"ቆይ እስቲ፣ አሁን ያልፋሉ።"

በግድግዳው ላይ ቀዛፊው ተናግሮ ጨረሰ። ማንም አላለፈም።

"ኧረ ይሄ የኛ ወንዝ አይደለም!" ብላ ጮኸች ዓሣ ሻጯ ዶንያ ኤልቪያ። "ሌላ አገር ቀርጻ ነው ያመጣችብን!"

"ለዶሮ! ለዶሮ!"

ያን ጊዜ ዶን ኤቤራርዶ ከሕዝቡ መካከል ብድግ አሉ።

"ዝም በሉ እንጂ! ልጅቷ ምን አጠፋች? ያን ሰሞን ወገቤን ታምሜ ተኝቼ ነበር።"

"እህ!" አለ ሕዝቡ፤ እጆችም ወደ ቅሉ ተዘረጉ።

ዝም ብትል ሽልማቱ የእሷ ነበር። ዝም አላለችም።

"አልታመሙም" አለች ተነሥታ። "በየቀኑ መጥተዋል። ቆርጬ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ።"

ዶሮዎቹ ጠገቡ። ሽልማቱን ዶን ኤቤራርዶ ከግራም ከቀኝም ያለፉበት የጡብ ሠሪዎች ፊልም ወሰደው።

ሰው ሲበተን ክቡርነታቸው መጥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ሐሰት ሐሰት መሆኑን ማሪሴላ አልዘነጋችም፤ ነገር ግን እስከዚያች ዕለት ስለ እሷ ሲል የዋሸ ሰው አልገጠማትም ነበር።

"ቆረጥሽኝ በይ?"

"ቆረጥኩዎት።"

ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ይሁን። ግን ንገሪኝ እስቲ ልጄ፣ ስራመድ እንዴት ነኝ?"

ማሪሴላ ከንቱ ውዳሴ አትወድም። አሰበች፤ የጣለችውን ሁሉ በዓይነ ኅሊናዋ እንደገና አየችው።

"እውነቱን ልንገርዎት ዶን ኤቤራርዶ? ከቀዛፊዎቹ ሁሉ ይልቅ ዓይን የሚይዙት እርስዎ ነበሩ።"

ያን ማታ ከተናገረቻቸው ሁለት እውነቶች የከበዳት ይኸኛው ነበር።