አህያ ማለት የተከለከለበት ግሩፕ

ወገን፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እናንተ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፤ እኔ መቀመጥ አቅቶኝ ከሱቄ በር እስከ ኮፒ ማሽኑ እየተመላለስኩ ነው የምጽፈው።

ለማታውቁኝ፦ መቱ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ፕሪንት የምሠራባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በከተማችን የቴሌግራም ግሩፕ አድሚንነቴ ነው። የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ መታወቂያ፣ የጎሬ ሚኒባስ ሞላ አልሞላ፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ሁሉም የሚወራው እዚያ ነው።

ስድቡም እዚያው ነበር!

ባለፈው ሁለት ጎረምሶች በኳስ ተነሥተው እናት አባት ሳይቀር ተሰዳደቡ። ትልልቅ ሰዎች ግሩፑን ጥለው መውጣት ጀመሩ። የእድራችን ጸሐፊ እትዬ ዘነበች መንገድ ላይ አስቁመው፣ ግሩፑን ወይ አጽጂው ወይ ዝጊው አሉኝ።

እኔ ደግሞ ኃላፊነት ሲሰጠኝ ልክ አላውቅም።

ቦት አስገባሁ። ስድብ ያለበትን መልእክት ራሱ ይሰርዛል፤ ሰውየው ከደጋገመ ያግደዋል። ስሙን "ጨዋው" አልኩት። ደደብ፣ ደንቆሮ፣ ውሻ፣ ጅብ፣ አህያ… አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ አጎረስኩት። ለእኔም ለአድሚኗ አያዳላም ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

ሰው ግን በዚህ ዝም ይላል? ወደ ኦሮምኛ ዞሩና "ሐሬ" መባባል ጀመሩ። ያው አህያ ነው። እሱንም ጨመርኩ።

ከዚያ በሙገሳ መሰዳደብ መጣ። "አንተ ምሁር፣ ዛሬም አስበህ ነው የጻፍከው?" ይባባላሉ። እንግዲህ ይሄን በምን ይከለክሉታል? ምሁር የሚለውን ቃል ልከልክል?

ከለከልኩ። የምረቃ ሰሞን ስለነበር የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክቱ ሁሉ ጠፋብኝና እያፈርኩ ክልከላውን አነሣሁ።

እሺ፣ ወደ ዛሬው።

ቅዳሜ ነው፤ ገበያ። ሱቄን ከፍቼ ስልኬን ሳይ ጨዋው እንዲህ ብሎ ለጥፏል፦ "ሁሴን በተደጋጋሚ ስድብ ስለጻፉ ታግደዋል።"

ጋሽ ሁሴን!

ከእኔ ሱቅ ሦስተኛው በር ላይ ሸቀጥ የሚሸጡት። ሰው ሲጣላ ተጠርተው የሚያስታርቁት። ልጅ መስታወታቸውን ቢሰብር እንኳ "አንተ የተባረክህ" ብለው የሚቆጡት ሰው።

ምን ጽፈው እንደሆነ አላየሁም። አድሚን እኮ የተሰረዘውን ማየት ይችላል፤ አንዴ መንካት ብቻ ነው። አልነካሁም።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ? ከሥሩ "ሕግ ለሁሉም እኩል ነው" ብዬ ጻፍኩ። የጡንቻ ምልክት ጨምሬበት።

ላይኩ ዘነበ። አንዷ "በዚህ ዕድሜ!" አለች። ሌላው "ሰው አይታወቅም" ብሎ ጻፈ። እኔም ደስ እያለኝ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቀጠልኩ ስላችሁ ግን ልቤ አላረፈም። ጋሽ ሁሴን ረፋዱ ላይ በሱቄ በር ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩኝም። ሰላም ሳይሉኝ አልፈው አያውቁም እኮ። ወረቀት አገላብጬ አስገባሁ፣ ሻይዬ ቀዘቀዘ፣ በየደቂቃው ስልኬን አነሣሁ፣ ሳላነብ አስቀመጥኩ። ተቀይመው ነው፣ ጥፋተኛ ሰው ይቀየማል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጎበዝ ዳኛ!

ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ አንዲት ወጣት ከአባቷ ጋር ገባች። ጫልቱ ትባላለች፤ እዚሁ ከተማ ፀጉር ቤት ትሠራለች። አባቷ ኦቦ ገመቹ ከዳሪሙ በኩል ቡና ይዘው ገበያ የመጡ ገበሬ ናቸው። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ወንበር ብሰጣቸው አልተቀመጡም፤ ዓይናቸው መንገድ መንገዱን ያያል።

ማስታወቂያ ሊያሳትሙ ነው። የጠፋ አህያ።

ጠዋት ጭነቷን አራግፈው ቢያስሯት ገመዷን በጥሳ ሄዳለች። እርጉዝ ናት፤ ልትወልድ ደርሳለች። ቀኑን ሙሉ ከሰፈር ሰፈር ሲፈልጓት ውለዋል። ከመሸ ደግሞ ጅብ አለ። ያለችኝ እሷ ናት አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን፣ ወደ መንገዱ እያዩ።

እኔ እየጻፍኩ ምክር መለገስ ጀመርኩ። በየግድግዳው ከምትለጥፉ ግሩፓችን ላይ ብታደርጉት እኮ ወዲያው ትገኝ ነበር አልኳት።

ጫልቱ አየችኝ። አድሚኗ እኔ መሆኔን አታውቅም።

"ጻፍኩ እኮ" አለች። "ሰረዙብኝ። በኦሮምኛ ብጽፈውም ሰረዙት። ጅብ ሳይበላት እርዱን ብል ጭራሽ አገዱኝ። እዚያ ግሩፕ አህያ ያለው ሰው አይፈለግም መሰለኝ።"

እጄን ከኪቦርዱ አንሥቼ ስልኬን ያዝኩ።

የተሰረዙትን የከፈትኩት ያኔ ነው። የጫልቱ መልእክቶች እንዳለችው ተደርድረዋል። ከእነሱ በፊት፣ ገና በጠዋት፣ ጋሽ ሁሴን፦

"አንዲት አህያ ጓሮዬ ገብታ አግኝቻለሁ። ባለቤቷ ይምጣ።" ተሰርዟል።

"እርጉዝ አህያ ናት። ሰው እንዳይመታት አስሬያታለሁ።" ተሰርዟል።

"ልጆች፣ አህያ ነው ያልኩት። ለምንድን ነው የምታጠፉት?" ታግደዋል።

ገባችሁ? ያገኘውም የጠፋበትም የእኔው ግሩፕ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱንም አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ!

ማሽኑን ሳላጠፋ ተነሥቼ ወጣሁ፤ አባትና ልጅ ተከተሉኝ።

ከጋሽ ሁሴን ሱቅ ጀርባ፣ ቆርቆሮው ሥር ቆማለች። ሣር ተገዝቶላታል፤ ባልዲ ውሃ ቀርቦላታል። ኦቦ ገመቹ ሄደው ሆዷን ዳበሱ፣ ከዚያ ግንባራቸውን አንገቷ ላይ አስደግፈው ትንሽ ቆዩ። ጫልቱ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

ከዚያ ሁለቱ አባቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው በኦሮምኛ ረጅም ሰላምታ ተሰጣጡ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ተመራረቁ። እኔን ያየኝ የለም። ገብቼ ልቀበርበት የምችል ጉድጓድ ዓይኔ ይፈልግ ነበር።

በመጨረሻ ተጠጋሁ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። "ማሽኑ ነው የተሳሳተው።"

ጋሽ ሁሴን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ማሽኑንስ ተይው ልጄ" አሉኝ። "ከሥሩ የጻፈውም ማሽን ነው?"

ስልኬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

"የልጄ አማቶች ሳይቀሩ ደውለው ታዘቡኝ" አሉ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ምን ብለው ነው የጻፉት ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድ ሰው የለም። አንቺ ጎረቤቴ ነሽ።"

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ብል ትከሻዬን ይዘው አቃኑኝ። አዘኑልኝ መሰለኝ። እሱ ደግሞ የባሰ ነው።

ሱቄ ተመልሼ ረጅም የይቅርታ መልእክት ጻፍኩ። ለጠፍኩት።

ጨዋው ሰረዘብኝ!

አህያ የሚል አለበታ። እንደገና ጻፍኩ፤ በዚህኛው ደግሞ ጅብ አስገብቼ ኖሯል። በመጨረሻ ምን እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ? "ያቺ ጭነት የምትሸከም፣ ጆሮዋ ረዘም ያለ የቤት እንስሳ።" አንዱ ከሥር "ስለ ማን ነው የምታወሪው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ቦቱን ነቅዬ ጣልኩት። ጋሽ ሁሴንንና ጫልቱን መለስኩ። ይቅርታዬን ከነአህያው ከነጥፋቴ ለጠፍኩ። "ሰው አይታወቅም" ያለው ሰውዬ ኮሜንቱን ቀስ ብሎ አጠፋ። አየሁህ ወንድሜ፤ አልፈርድብህም።

አህያዋ ዛሬ ጫልቱ የተከራየችበት ግቢ ታድራለች። ተመስገን።

አሁን ዕረፍት የነሣኝ ሌላ ነው። ከትንሽ ጊዜ በፊት ጋሽ ሁሴን ግሩፑ ላይ ጻፉ። አንድ መስመር ብቻ፦

"አህያዋ ደህና ናት። እናንተስ?"

ግሩፑ ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ የአባት ሰላምታ ነው ይላል፤ ግማሹ እንዲህ ዓይነት ስድብ ሰምተን አናውቅም ይላል። አድሚኗ ትወስን ተብሏል።

አድሚኗ ስልኳን ይዛ እየተንጎራደደች ነው። ስድብ ከሆነ ይገባኛል። ሰላምታ ከሆነስ፣ ደህና ነን ብዬ ልመልስ?