ልጅቱ ወንዝ ውስጥ ሳለች

አንባቢዬ፣ ብርቱ ሴት መጽሐፍ ውስጥ ስትሆን ብቻ የሚወድ ወንድ አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ ጢሜን በተላጨሁ ቁጥር አገኘዋለሁ።

ባለፈው የሰሊጥ አጨዳ፣ ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ማሳችን የተራገፈው ሰሊጥ ሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ እኔ ዳስ ውስጥ ተጋድሜ የፍቅር ልብ ወለድ አነባለሁ። ልብ አንጠልጣይ ነው። ሽፍቶች ፍቅረኛዋን የወሰዱባት ጀግና ጸሎቷን አድርሳ የሞላ ወንዝ ውስጥ ገብታለች። እንባዬ መነጽሬን ጋርዶታል።

ያለ ወቅቱ ደመና የመጣው ይኼኔ ነው። ሠራተኞቹ ለሌላ ማሳ ወደ ሽንፋ ወርደዋል። ዓመቱን ሙሉ የደከምንበት ሰሊጥ ደግሞ ከረጠበ ይጠቁራል፤ ገዢም ዞር ብሎ አያየው።

"አንቱ፣ ኧረ የሸራውን ጫፍ ያዙልኝ" አለች ባለቤቴ ትርንጎ ከውጭ።

"ትንሽ ቆዪ፤ ልጅቱ ወንዝ ውስጥ ናት።"

ነፋሱ አጓራ፤ ዝናቡ ወረደ። እኔም ገጽ ገለጥሁ።

ሲያባራ ትርንጎ ውሃ እያንጠባጠበች ገባች። ለካስ ሰሊጡን በሌላ ሸራ ሸፍና፣ ነፋስ እንዳይገልጠው ላዩ ላይ ተኝታበት ነበር። አንዲት ፍሬ አልረጠበችም።

"ተሻገረች?" አለችኝ።

"ተሻገረች፤ ሰውየውንም አዳነችው። አቤት ብርታት።"

"እሱስ እስከዚያ ምን ይሠራ ነበር?"

"ምን ያድርግ፣ እጅ እግሩን ታስሮ።"

እጆቼን ትክ ብላ አየቻቸው። "እሱስ ምክንያት አለው" አለች።

ከዚያ ወዲህ ልብ ወለድ ሳነብ ገመድ ከአጠገቤ አላርቅም፤ ደመና ካየሁ ፈጥኜ እንድታሰር።