የእታለም ሺታዬ ብስኩት

የወይዘሮ ሺታዬ እጆች እስከ ክርን ድረስ ዱቄት ለብሰዋል። ቅቤውን ከዱቄቱ ጋር የሚያሹት በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነው፤ መዳፍ ከነካው የጋምቤላ ሙቀት ታክሎበት ይቀልጣል። ሌላ ሰው ሊጡን እንዲነካው አይፈቅዱም። በየቤተሰቡ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ቤቱ የቆመው በምሰሶ ሳይሆን በእሱ ትከሻ እንደሆነ የሚያምን። ልጅ ይታመም፣ ጣሪያ ያፍስስ፣ ቁልፍ ይጥፋ፣ የወይዘሮ ሺታዬ መልስ አንድ ነው፤ «ለእኔ ተዉት።»

«ለእኔ ተዉት» ብለው የጎረቤት የሠርግ ድንኳን አስነቅለው እንደገና አስተክለዋል፤ በሩ ወደ ፀሐይ ዞሯል ብለው። መርፌ ሊወጉ ሄደው ወጊውን አያያዝ አስተምረውታል። ክልሉ የራሱን አስተዳደር ባቋቋመ ሰሞንም፣ ለባለቤታቸው ለአቶ ወንዳፈረው ወደ አዲሱ ቢሮ ምሳ ይዘው ገብተው፣ የሁሉንም ጠረጴዛ ፊት ወደ መስኮት አስዙረው ወጥተዋል።

የገና ብስኩት ሲመጣ ግን ክብርት ወይዘሮ ሹም ናቸው። በየዓመቱ በዋዜማው ይጋግራሉ። ምድጃቸው ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም የሚደረግበት ብረት ድስት ነው። ቅርጽ ማውጫዎቹን ቆርቆሮ ሠሪ ከቲማቲም ጣሳ ቆርጦላቸዋል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቅርጽ አለው፤ አቶ ወንዳፈረው ባርኔጣ፣ ልጃቸው ቤርሳቤ ኮከብ፣ ጎረቤታቸው ኛዱዎት ላም። የታናሽ እህታቸው የስንታየሁ ዓሣ ነው፤ ጋምቤላ የገባች ዕለት ባሮ ወንዝ ዳር የበላችው ዓሣ አጥንቱ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ሰፈሩን አስጨንቃለች። ይህን ታሪክ ወይዘሮ ሺታዬ ሊጡን እየዳመጡ በየገናው ይተርኩታል።

በ1987 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ግን አልተረኩትም።

ስንታየሁ አስተማሪ ናት። ወደ ጎሬ መዛወር የሚፈልጉ መምህራን ማመልከቻ የሚገባው በዚያ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል። ስምንት ዓመት ከእህቷ ጋር ስትኖር፣ ሻይዋ ውስጥ የሚገባውን ስኳር እንኳ ራሷ ወስና አታውቅም። ጎሬ የራሷ ክፍል፣ የራሷ ብርጭቆ ይኖራታል። ጠዋት ማመልከቻዋ ያለበትን ፖስታ ይዛ ልትወጣ ስትል ወይዘሮ ሺታዬ በዱቄታም ጣታቸው ተቀብለው ሽርጣቸው ኪስ ከተቱት።

«ለእኔ ተዪው። መዝገብ ቤት ያለችውን ልጅ አውቃታለሁ፤ እኔ ስሰጣት ከላይ ታደርገዋለች።»

ስንታየሁ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ደጋግማ ታያለች።

«እታለም፣ አራት ተኩል ሆኗል።»

«ይቺ ድስት ትውጣ።»

«አምስት ሰዓት አለፈ። ስጪኝ፣ እኔ ልሂድ።»

«በዚህ ፀሐይ? ወባ ከለቀቀሽ ገና ሳምንትሽ ነው። ይልቅ ከርከዴውን አጥልዪልኝ፤ ለቀዩ ቅብ።»

ስንታየሁ አጠለለች። ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ስለነበር ቀዩ ውኃ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። የፖስታው ጫፍ ከኪሱ ብቅ ብሎ ይታያታል፤ እጅን መስደድ ብቻ ነበር። ግን ያን ኪስ ከራሳቸው ከወይዘሮ ሺታዬ በቀር የነካው ሰው በዚያ ቤት አልተፈጠረም።

አምስት ተኩል ላይ ኛዱዎት መጣች። ብስኩቱ ቅቤና እንቁላል አለበት፣ ቤቱ በሙሉ ጾመኛ ነው፤ የሚቀምስ የለም። የእሷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ጾም ስለማትጾም፣ ኛዱዎት በየዓመቱ ሳይቀባ አንዲት ላም ትቀምሳለች። የሚጠበቅባት «ጥሩ ነው» ማለት ብቻ ነው።

ነከሰች። አኘከች። ደግማ ነከሰች።

«የቤርሳቤ እናት፣ ይሄ ስኳር የለውም።»

«ስኳሩ ከላይ ነው የሚቀባው።»

«ከላይ ይመጣል፣ እሺ። ውስጡ ግን የለም። ይሄ ቂጣ ነው።»

ወይዘሮ ሺታዬ ወደ መደርደሪያው ዞሩ። የስኳሩ ጣሳ ክዳኑ በክር እንደታሰረ ቁጭ ብሏል። የስንታየሁን ሻይ ለስምንት ዓመት በአንዲት ማንኪያ እንኳ ያልሳቱት ሴት አልፈቱትም ነበር።

ስንታየሁ የእህቷን ፊት ላለማየት ጎንበስ ብላ የተበላሸውን ብስኩት መሰብሰብ ጀመረች። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ አገኘች። ውስጡ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፏል። በጨርቁ ላይ ሃያ የዓሣ ብስኩቶች፣ በየመካከላቸው ወረቀት እየገባ፣ ተደርድረዋል።

«እታለም፣ ይሄ ሁሉ ዓሣ ለማን ነው?»

«የጎሬ መኪና ዳገቱ ላይ ሲበላሽ ያድራል» አሉ ወይዘሮ ሺታዬ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ። «መንገድ ላይ የሚሸጠው ደግሞ ሆድሽን ያሳምምሻል።»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ቢሮው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ፖስታው አሁንም ጫፉን አውጥቷል፤ ዱቄት ነክቶታል። ስንታየሁ እጇን ዘረጋች። እጇ ኪሱን አልፎ መደርደሪያው ላይ ደረሰ፤ የስኳሩን ጣሳ አውርዳ ክሩን ፈታች።

«ስንት ማንኪያ ነው የሚገባው?»

ወይዘሮ ሺታዬ አፍንጫቸውን በክርናቸው ጠረጉ።

«አንቺ ገምቺ» አሉ።

መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ኛዱዎት አዲሱን ቀምሳ «በዝቷል፣ ግን ጥሩ ነው» ብላለች።

ፖስታው ዛሬም ከቅርጽ ማውጫዎቹ ጋር በአንድ ጣሳ ይኖራል። በየገናው ዓሣው ሲፈለግ ወደ ጎን ይገፋል፤ ስንታየሁም ሳቋን ይዛ «ማመልከቻዬስ?» ብላ ትጠይቃለች።

«እጄን ልታጠብና አደርሰዋለሁ» ይላሉ ወይዘሮ ሺታዬ።