የግሪክ ፈላስፋና የጨንቻ ድር

ስለ አመራር የሚመክር ሰው ሁሉ ነገሩን ከግሪክ ካልጀመረ የማይሆንለት ለምንድን ነው? ዛሬ አርባ ምንጭ መንገድ ዳር የሚሸጡት የአመራር መጻሕፍት እንኳ አንድ ጢማም ፈላስፋ ሳያስቀድሙ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ባየኋቸው ቁጥር ደሜ ይፈላል። ምክንያት አለኝ።

በደርግ ጊዜ የጨንቻ ሸማኔዎች ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ድር ጠፍቶ ሸማኔው እጁን አጣጥፎ፣ ልጆቹም ጦማቸውን ሲያድሩ ከረሙ። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ አንድ ጭነት ድር ተፈቀደልን። ከሊቀ መንበራችን ከአቶ ዶላ ጋር ልንረከብ አርባ ምንጭ ወረድን። መጀመሪያ ግን የአመራር ሴሚናር መካፈል ግዴታ ነው ተባልን።

አስተማሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ጓድ ነው። የአመራርን ሥረ መሠረት ከግሪክ አንሥቶ፣ በጀርመን አዙሮ ሞስኮ ላይ አሳረፈው። መሪ ጭንቅላት ነው፣ ሕዝብ እጅና እግር፤ ጭንቅላት ደግሞ እግርን አያማክርም አለን። እግሮቹ እኛ መሆናችን ነው እንግዲህ! አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ?

ትምህርቱ መግባቱን ሊፈትን አቶ ዶላን አስነሣቸው። ለአብዮት በዓል መፈክር የሚጻፍበት ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ከድሩ ስንቱን ትሰጣለህ? አሁኑኑ ወስን አላቸው። የአባቱን እኩያ «አንተ» ሲል ትንሽ እንኳ አላፈረም።

አቶ ዶላ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ድሩ የእኔ አይደለም፤ ዱቡሻ ላይ ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ እወስናለሁ? አሉ። ዱቡሻ የጋሞ ሰው ተቀምጦ የሚመክርበት ሜዳ ነው፤ መናገር የሚፈልግ ሁሉ ሳይናገር ነገር አይቋጭም። ሃላቃ ብለን የምንሾመው ሰው እንኳ ሕዝቡን ደግሶ ያበላል እንጂ እንዳሻው አያዝም። ይኼ ፍልስፍና አይደለም? ወይስ ግሪክ ካልተናገረው አይቆጠርም?

ጓዱ ተንጨረጨረ። ቆራጥ አመራር እንዲህ ነው ብሎ ሙሉውን ጭነት ለመፈክር አደረገው። ሸማኔዎቹም በነፃ ይሸምኑታል፤ እንቢ ካሉ ሊቀ መንበሩ ይታሰራል።

ጨንቻ ተመልሰን ዱቡሻ ላይ ነገሩን አወጣነው። አንድ ሸማኔ ብድግ አለና፣ ጭንቅላቱ እሱ፣ እጅና እግሩ እኛ፤ ሆዱስ የማን ነው? ሲል ጠየቀ። ሆኖም ሸማኔዎቹ አቶ ዶላ እንዳይታሰሩ ሲሉ ብቻ ሸመኑት።

በበዓሉ ቀን ጨርቁ ጨንቻ ገበያ መሐል ተሰቀለ። «ሸማኔው የልፋቱ ባለቤት ሆኗል!» ይላል። ያን ቀን በገበያው ከእሱ ሌላ የጨንቻ ሸማ አልነበረም።