የትኛው ባነር ከላይ ይሰቀል

[የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በር። ዓርብ ጠዋት፤ ነፋሱ ገና አልነቃም፣ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ እንደ ድመት ተጋድማለች። ሁለት የተጠቀለሉ ባነሮች መሬት ላይ አሉ፤ አንዱ የግጥም ዝግጅት፣ አንዱ የሙሽሮች ስም የተጻፈበት የሠርግ። የከተማው ማስታወቂያ ነጋሪ ድምፅ ማጉያውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከታች ቆሟል፤ ሰው ሁሉ «አዋጅ» ይለዋል። ባነር ሰቃዩ መዶሻ ይዞ መሰላል ላይ ወጥቷል፤ እሱንም ሰው ሁሉ «መሰላል» ይለዋል።]

አዋጅ፦ ከላይ አልኩህ እኮ። የግጥሙ ከላይ፣ የሠርጉ ከታች።

መሰላል፦ ከታች በሩ አለ።

አዋጅ፦ በሩ ላይ ይሁና።

መሰላል፦ ታዲያ ሰው በየት ይገባል?

አዋጅ፦ ጎንበስ ብሎ ይግባ። ሠርግ የሚሄድ ሰው ሳህን ላይ ይጎነበስ የለ?

መሰላል፦ ሙሽሮቹስ?

አዋጅ፦ እነሱም ይጎንበሱ። ትዳር ማለት እሱ አይደል?

መሰላል፦ አግብተህ ታውቃለህ እንዴ?

አዋጅ፦ አንብቤያለሁ።

መሰላል፦ እኔ ግን የሠርጉ ከላይ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

አዋጅ፦ አንተን ማን ጠየቀህ? ሰው ከላይ ቆሞ እንዴት ከታች ያስባል። በል ምስማርህን ምታ፤ እኔ የነገውን ልለማመድ።

[አዋጅ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጎዳናው ይዞራል። መሰላል ይወርዳል፤ ባነሮቹን አየት አየት ያደርግና አንዱን አንስቶ ይወጣል።]

አዋጅ፦ [በድምፅ ማጉያው] የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፤ ነገ ቅዳሜ ጠዋት ታላቅ የጽዳት ዘመቻ ስለሚካሄድ መጥረጊያችሁን ይዛችሁ አደባባዩ ላይ እንድትገኙ።

መሰላል፦ ቆሻሻውን ማን ያመጣል?

አዋጅ፦ [ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጎ] ምን አልክ?

መሰላል፦ ያለፈው ጊዜ ሴቶቹ በማለዳ ጠርገውት ነበር። ፎቶ አንሺው ሲመጣ የሚጠረግ ጠፋ። ከገበያው ጀርባ በጋሪ አምጥተን በተንነው።

አዋጅ፦ እሱ ቅድመ ዝግጅት ይባላል።

መሰላል፦ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

አዋጅ፦ ያንተ ችግር ይሄ ነው። አንተ የምታየው ቆሻሻውን ነው፤ እኔ የማየው የዘመቻውን መንፈስ ነው።

መሰላል፦ መንፈሱ እስካሁን ይሸታል።

አዋጅ፦ [በድምፅ ማጉያው] ከዚያም በመቀጠል ችግኝ ይተከላል።

መሰላል፦ ያው ጉድጓድ ላይ?

አዋጅ፦ ጉድጓዱ ምን ጎደለው? የተቆፈረ እያለ ሌላ መቆፈር ምን የሚሉት ብክነት ነው።

መሰላል፦ ችግኙ በየዓመቱ ይሞታል እኮ።

አዋጅ፦ ለዚህም ነው በየዓመቱ የሚተከለው። ቢጸድቅማ የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ የሚተክሉት ምን ይኖራቸዋል? ማሰብ ነው እንግዲህ። [በድምፅ ማጉያው] ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ማቆሚያው የተሠራው አግዳሚ ወንበር በክብር እንግዶች ይመረቃል።

መሰላል፦ ነገ ይመረቃል? የሰፈሩ አሮጊት እማማ ደስ ይላቸዋል። ጥብጣቡ ከታሰረ ጀምሮ አጠገቡ ቆመው ነው አውቶቡስ የሚጠብቁት።

አዋጅ፦ ያልተመረቀ ወንበር እኮ ወንበር አይደለም። እንጨት ነው።

መሰላል፦ እንጨቱ ላይ ቢቀመጡስ?

አዋጅ፦ አይ አንተ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ አንተ ግን ገና ቅርፊትህም አልተሰነጠቀም። ለነገሩ የቅዳሜው ሁሉ ማሟሟቂያ ነው። ዋናው እሁድ ነው፣ ወንድሜ። እሁድ ከሰዓት እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ በግጥሙ ዝግጅት ላይ፣ በሕዝብ ፊት ቆሜ ለልብስ ሰፊዋ ልቤን እዘረግፈዋለሁ።

[የመዶሻው ድምፅ ይቆማል።]

መሰላል፦ ለየትኛዋ ልብስ ሰፊ?

አዋጅ፦ ስንት አለችን? ዳቦ ቤቱ አጠገብ ያለችው ናት። እያወጅኩ በደጇ ሳልፍ ከስፌት መኪናዋ ቀና ትላለች።

መሰላል፦ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ሁሉም ሰው ቀና ይላል።

አዋጅ፦ እሷ ግን ጆሮዋንም ትይዛለች። ድምፄ ልቧ ድረስ እንዳይገባ ፈርታ ነው።

መሰላል፦ አነጋግረሃት ታውቃለህ?

አዋጅ፦ ፍቅር በ«እንደምን ዋልሽ» አይጀመርም፣ የኔ ወንድም። በግጥም ነው የሚጀመረው። ስማ፤
«ስንት ጨርቅ ወጋሽ በዚያ በቀጭን መርፌ፣
እኔ ብቻ ደማሁ በደጅሽ አልፌ።»

መሰላል፦ ደም በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቀው። በሙቅ ከነከርከው ይተኛበታል።

አዋጅ፦ ስለ እጥበት ማን ጠየቀህ?

መሰላል፦ ደምና ጨርቅ ስትል ነዋ።

አዋጅ፦ ከአንተ ጋር ስለ ፍቅር ማውራት ድንጋይ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። ግን ምን ላድርግ፤ የምለማመድበት ሌላ ሰው የለኝም። ይሄን ሁሉ ያበላሸብኝ ደግሞ ያ ሠርግ ነው። ኃላፊው ጠሩኝና «ሠርጉ ይቅደም፤ ግጥሙ በተረፈው ሰዓት፣ በተረፈው ሰው ይቀጥላል» አሉኝ። ግጥም የሠርግ ትራፊ ይለቅማል?

መሰላል፦ ሙሽሮቹን ታውቃቸዋለህ?

አዋጅ፦ በዚህ ከተማ የማላውቀው ሰው የለም። እነሱን አላውቃቸውም። ስለዚህ የዚህ ከተማ ሰዎች አይደሉም። ይሄ እንኳ ላንተም ግልጽ ነው።

መሰላል፦ ሳምንቱን ሙሉ ስማቸውን ስትጠራ ነበር እኮ።

አዋጅ፦ የጠራሁትን ሁሉ ሳስታውስ ልኑር? ኃላፊው ይነግሩኛል፣ እኔ እጮኻለሁ፣ በቃ። አቶ እንትና እና ወይዘሪት እንትና። አፌ የሕዝብ ነው፤ ጆሮዬ የግሌ ነው።

መሰላል፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ።

አዋጅ፦ ተረት አታበላሽ። ደግሞስ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ሠርጉን የሚደግስበት ግቢ እንኳ የሌለው፣ በመንግሥት አዳራሽ የሚያገባ።

መሰላል፦ ግቢ የለውም፤ እውነትህን ነው።

አዋጅ፦ ይሄኔ ደንቆሮ ነው።

መሰላል፦ ዝግ ያለ ነው ይሉታል።

አዋጅ፦ አላልኩህም? እሷስ ብትሆን ምን ቢቸግራት ነው?

መሰላል፦ እኔም አንዳንዴ እሱን አስባለሁ።

አዋጅ፦ በል ተወው፤ አንድ ነገር ላስቸግርህ። አንተ በየሳምንቱ ሱሪህን ልታሰፋ እሷ ጋ ትሄድ የለ? ለመሆኑ ምን ዓይነት ሱሪ ነው በየሳምንቱ የሚቀደድ?

መሰላል፦ ምስማር ይይዘዋል። እዚህ፣ መሰላሉ ላይ።

አዋጅ፦ እና አትነቅለውም? መዶሻ በእጅህ ይዘህ?

መሰላል፦ ለምጄዋለሁ።

አዋጅ፦ [ሰማይ ሰማይ እያየ] የዋህ አያርገኝ። ስማኝ፤ ዛሬ ሂድና እሁድ አዳራሹ እንድትመጣ ንገራት።

መሰላል፦ ትመጣለች።

አዋጅ፦ ሳትነግራት?

መሰላል፦ አትቀርም።

አዋጅ፦ ነጭ ልበሺ በላት። ሁልጊዜ በነጭ ነው የማልማት።

መሰላል፦ ነጭ ነው የምትለብሰው። እየሰፋችው ነው።

አዋጅ፦ [ድምፁ ተለውጦ] ለእሁድ?

መሰላል፦ ለእሁድ።

አዋጅ፦ አየህ? ልብ ለልብ እንዲህ ነው የሚነጋገረው። ማንም ሳይነግራት አወቀች። ከፊት አስቀምጥልኝ።

መሰላል፦ ከፊት ነው የምትቀመጠው።

አዋጅ፦ ከሁሉም ፊት።

መሰላል፦ ከዚያ ወዲያ ወንበር የለም።

አዋጅ፦ ፊቷ ወደ እኔ ይሁን።

መሰላል፦ ወደ ሕዝቡ ነው የሚዞረው።

አዋጅ፦ ወደ ሕዝቡ? [ያስባል] ጥሩ ነው። ግጥሜን ሰምታ ስትሽኮረመም ሰው ሁሉ ይያት። አንዳንዴ ሳታስበው ብልህ ትሆናለህ። አጠገቧ ያለውን ወንበር ለኔ ባዶ ተወው።

መሰላል፦ ባዶ አይሆንም።

አዋጅ፦ ማን ሊቀመጥበት?

መሰላል፦ እኔ።

አዋጅ፦ አንተ? ቀለም ቀለም እየሸተትክ?

መሰላል፦ እታጠባለሁ።

አዋጅ፦ ለኔ ስትል ትታጠባለህ። ይሄ ነው ወዳጅነት። እንግዲህ ጠብቅልኝ፤ ግጥሙን ጨርሼ ስመጣ ትነሳልኛለህ።

መሰላል፦ እሱ እንኳ ይከብዳል።

አዋጅ፦ ይሁን፣ መሃላችን ትቀመጣለች። በል ደግሞ የሠርጉን ባነር ከዛፉ ጀርባ ስቀለው። የሚፈልገው ሰው ፈልጎ ያግኘው።

መሰላል፦ አይሆንም።

አዋጅ፦ [ደንግጦ፤ ከመሰላል አፍ «አይሆንም» ሰምቶ አያውቅም] ለምን?

መሰላል፦ የኔዋ ትከፋለች።

አዋጅ፦ ያንተዋ? ያንተዋ የምትባል አለች? እሺ ትኑር፤ በሰው ሠርግ ምን አገባት?

መሰላል፦ የሰው አይደለም።

አዋጅ፦ ልታገባ ነው እንዴ?

መሰላል፦ እሁድ ከሰዓት።

አዋጅ፦ የት?

መሰላል፦ እዚህ።

አዋጅ፦ አይ ሞኝ፤ እሁድ ከሰዓት እዚህ ሌላ ሠርግ አለ።

መሰላል፦ ሌላ የለም።

አዋጅ፦ እኔ እኮ በአፌ ነው ያወጅኩት። አቶ እንትና።

መሰላል፦ እኔ ነኝ።

አዋጅ፦ አንተማ መሰላል ነህ።

መሰላል፦ እናቴ መሰላል ብላ አላወጣችልኝም።

[ማዶ ያለ ሱቅ መዝጊያው ሲጥ ሲጥ እያለ ይከፈታል።]

አዋጅ፦ እና ዝም ትላለህ? አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ እንዲህ ያለ ነገር ትደብቀኛለህ?

መሰላል፦ ነግሬሃለሁ። ሰኞ ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ነገርኩህ፤ «ቆይ፣ እያወጅኩ ነው» አልከኝ። ታጥፈን ስንመለስ ደገምኩልህ፤ አሁንም «ቆይ፣ እያወጅኩ ነው» አልከኝ። ታውጅ የነበረው እሱኑ ነው።

አዋጅ፦ [የአዳራሹ ደረጃ ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል] ይሁን። ላንተም ደረሰልህ፤ ደስ ብሎኛል። እና ሙሽሪት። ያ ነጭ ልብስ።

መሰላል፦ የራሷ ነው።

አዋጅ፦ ከፊት የምትቀመጠው።

መሰላል፦ እሷ ናት።

አዋጅ፦ እኔ ግን ያወጅኩት ወይዘሪት እንትና እያልኩ ነው። ልብስ ሰፊዋ አላልኩም።

መሰላል፦ ስሟ ነዋ። በደጇ ስታልፍ ቀና የምትለው ስሟን ስትጠራት ነው። ጆሮዋን የምትይዘው ግን ለጩኸቱ ነው። [ከመሰላሉ ሁለት እርከን ወርዶ] የምትወዳትን ሴት ስም አታውቅም ነበር?

አዋጅ፦ በግጥሙ ውስጥ «ጨረቃዬ» ነው የምላት።

መሰላል፦ ጨረቃዬ ብትላት ዞር አትልልህም።

አዋጅ፦ ግጥሜን፤ ግጥሜን ሰምታዋለች?

መሰላል፦ መሰላሉ ሥር ስትለማመድ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ሱሪዬን ስትሰፋልኝ እልላት ነበር።

አዋጅ፦ [ይነሳል] የኔ ነው እያልክ?

መሰላል፦ ኧረ ያንተ ነው እያልኩ። ግጥም እሰርቃለሁ እንዴ?

አዋጅ፦ ምን አለች?

መሰላል፦ ሳቀች።

አዋጅ፦ በስንኙ ውበት ተገርማ?

መሰላል፦ እሱን አላውቅም። ያቺን «በደጅሽ አልፌ» የምትለዋን ስላት ከሳቋ የተነሳ መርፌው ጣቷን ወጋት። ደሙ የሰው ቀሚስ ላይ ተንጠባጠበ። ሁለታችን ሆነን በቀዝቃዛ ውኃ አጠብነው። ጨርቁን አንዱን ጫፍ እሷ ይዛ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዤ ስንጨምቀው አመሸን። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር «ዛሬስ ምን አለ?» ትለኛለች። አንተም አላሳፈርከኝም፤ በየቀኑ አዲስ ነበረህ።

አዋጅ፦ በየቀኑ። [ዓይኑ መሰላሉ ላይ ያርፋል] ይሄ ምስማርስ? ማነው እንዲህ ጠማማ አድርጎ የመታው?

መሰላል፦ እኔ ነኝ።

[አዋጅ ምስማሩን በጣቱ ይነካዋል። ወዲያው እጁን ይሰበስባል።]

አዋጅ፦ እኔኮ እንቁላል መስለኸኝ ነበር።

መሰላል፦ እንግዲህ በእግሬ ሄድኩ።

አዋጅ፦ ይሄን ሁሉ ሰምተህ፣ «አጠገቧ አስቀምጠኝ» ስልህ፣ ለምን ዝም አልከኝ?

መሰላል፦ ዝም አላልኩም፤ ሁሉንም መልሼልሃለሁ። አንተ አልጠየቅከኝም እንጂ፣ ነገርከኝ።

[ነፋሱ ይነቃል፤ ከበሩ በላይ ጨርቅ እንደ ሸራ ይወጠራል።]

መሰላል፦ ደግሞ የሚመራልን ሰው የለንም። እሷም «ሠርጉን አዋጅ ካልመራው» ብላ ድርቅ ብላለች።

አዋጅ፦ ልትስቅብኝ?

መሰላል፦ ትስቅ፤ ሠርጓ አይደል? ግጥሙንም ትልልናለህ። «ጨረቃዬ» ያለችውን ብቻ አውጣትና።

አዋጅ፦ [ኮቱን ያራግፋል] እሺ። የሠርጉን ከላይ አድርገው። ግጥሙን በሩም ላይ፣ ዛፉም ጀርባ፣ የትም ስቀለው።

መሰላል፦ ከላይ ነው የሰቀልኩት። ስለ ጽዳቱ ስታወራ ጨረስኩ።

[አዋጅ አይዞርም። ድምፅ ማጉያውን ያነሳል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ሳይሆን፣ እንደ ሰው ሆኖ ይወጣል።]

አዋጅ፦ የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች። እሁድ ከሰዓት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሠርግ ስላለ ማንም ሰው እንዳይቀር። የሚያገባው ወንድሜ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ከራሴ በላይ ቆሞ የሰማኝ፣ ከልቤ የማውቀው ወዳጄ፣ አቶ...

[ድምፅ ማጉያውን ዝቅ ያደርጋል።]

አዋጅ፦ ማን ነበር ስምህ?

መሰላል፦ [መዶሻውን ወገቡ ላይ እየሻጠ] ቀና በል። ከላይ አለልህ።