ስልጠና የማያመልጠው የአክስቴ ልጅ

እናንተዬ፣ ስልጠና በሰማበት ሁሉ የሚሮጥ ተማሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም የአክስቴ ልጅ! ሙሉጌታና እኔ ከውጫሌ ሄደን አዲስ አበባ ምህንድስና ስንማር፣ በማጠቃለያ ፈተናው ቀን ጠፋብኝ። ደወልኩለት።

«የት ነህ አንተ? ፈተናው ሊጀመር ነው!»

«የጊዜ አጠቃቀም ስልጠና ላይ ነኝ። ሰርተፍኬት አለው እኮ!»

እየሮጠ ሲደርስ በሩ ተዘግቷል። ዓመቱን ድገም ተባለ።

ክረምት ላይ አገር ቤት ገባን። ገበሬው አባቱ የሰርተፍኬቱን ክምር አንድ በአንድ እያገላበጡ፣ «ልጄ፣ መሐንዲስ የሚለው የትኛው ነው?» አሉት። አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ፤ አሁንስ ልብ ገዛ ብዬም ተጽናናሁ።

በማግስቱ ልጠይቀው ብሄድ የለም።

«ሐይቅ ከተማ ስልጠና አለ ብሎ በጠዋት ሄደ» አሉኝ አባቱ። «ስለ ምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም።»