ሽንኩርቱ ለክብር ነው

በየሰፈሩ ስለ መጠጥ ከጠማቂው በላይ የሚያውቅ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም። ጢሙ ልብቀል አልብቀል እያለ ሲያመነታ እሱ የቢራውን አረፋ ይተነትናል፣ የወይኑን ዕድሜ ይገምታል፣ የውስኪውን ጠባይ ያስረዳል። ዕድሜ ልኩን ሲጠጣ የኖረ ሰው ፊቱ ቢቀመጥ ያርመዋል። አዋቂዎች እንዲህ ያለ ልጅ ሲያዩ «ይሄስ አልቆለታል» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እኩዮቹ ደግሞ ያለ እሱ ድግስ አይደግሱም።

የላውንደሪዋ ባለቤት ዕድሏ ሆኖ ይህ ሊቅ የወንድሟ ልጅ ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ፕሮፌሰር» ይለዋል፤ እሷ ስትናደድ «ክቡር» ትጨምርበታለች። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ቤት አይውልም አያድርም። ስለዚህ እናቱ ከሞተች ወዲህ የሚያድገው አክስቱ ቤት፣ ከላውንደሪው በላይ ባለችው ጠባብ ፎቅ ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሸሚዝ እያጠፈ ያግዛታል፤ እጁ እየሠራ አፉም አያርፍም።

አንድ ቀን አንድ ጠበቃ ወይን የፈሰሰበት ኮት ይዞ መጣ። እሷ እድፉን ገና ሳታይ ፕሮፌሰር ከሸሚዝ ክምር ጀርባ ብቅ አለና ቀይ ነው ነጭ ሲል ጠየቀ። ቀይ መሆኑ ሲነገረው ከልቡ አዘነ። ነጭ ወይን የጠጣ ሰው ጠዋት ይጸጸታል፣ ቀይ የጠጣ ግን ከወንበሩ ሳይነሣ ይጸጸታል ብሎ ካስረዳ በኋላ እንደ ልማዱ «ጉዳዩ ሳይንስ ነው» ሲል ደመደመ። በክርክር እንጀራውን የሚበላው ጠበቃ ደረሰኙን እንኳ ረስቶ ወጣ።

አክስት መቆጣት ነበረባት፣ ተቆጣችም። ችግሩ ግን የማወቅ ጉጉት አላት፤ ተቆጥታ ስትጨርስ መጠየቅ ትጀምራለች። ለመሆኑ እናንተ ልጆች ስለዚህ መጠጥ የምታስቡት ምንድን ነው? ሕጉን አትፈሩም? ጉበታችሁንስ? ፕሮፌሰር ሸሚዙን አስቀምጦ በትዕግሥት ያስረዳታል። በእነሱ ዕድሜ ጉበት ያለው ሰው የለም፤ ጉበት የአባቶች ዕቃ ነው። የሚፈሩት ነገር ሁለት ብቻ ነው፤ የእናት አፍንጫና ሳይጠሩ መቅረት።

«በእኛ ዕድሜ ሰው ሦስት ዓይነት ነው፣ አክስቴ። የሚጠጣ አለ፣ የጠጣ የሚመስል አለ፣ ያልተጠራ አለ።»

«አንተ የትኛው ነህ?»

«እኔማ ተመራማሪ ነኝ።»

የእናት አፍንጫን በተመለከተ ምርምሩ የት እንደደረሰ የነገረቻት ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የእሷም ልጅ ከፕሮፌሰር ጭፍራ አንዱ ነው። ልጆቹ ድግስ ሲያልቅ መንገድ ዳር ክብ ሠርተው ይቆሙና አንድ ቀይ ሽንኩርት እየተቀባበሉ ያኝካሉ። ሽታ ያጠፋል ይላሉ። ነገሩ እየዋለ እያደረ ሥርዓት ሆኗልና ያላኘከ ልጅ አልጠጣም ተብሎ ይጠረጠራል። እንግዲህ ሽንኩርት የሸተተሽ ቀን ነገሩ አለቀ ማለት ነው አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ይህ ለአክስት ተራ ወሬ አልነበረም። ወንድሟ ልጁን ሲሰጣት በግልጽ ተናግሯል፤ አንድ ቀን ጠጣ ሲባል ብሰማ ትምህርቱን ትቶ ከእኔ ጋር ጭነት ይጭናል ብሎ። ወንድሟ ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ልጁን ብትወደውም ደብቃ ማሳደግ አልሆነላትም፤ ስለዚህ እርግጡን ማወቅ ነበረባት።

መላ ዘየደች። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፣ ከፕሮፌሰር በዓመት የምታንስ፣ ዝምተኛ፣ ድምፅዋ ለጎረቤት ቀርቶ ለቤቱ የማይሰማ። እናት «መልአኬ» ትላታለች። ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ የክፍል ጓደኛቸው ልደት ነበርና መልአኳን ከፕሮፌሰር ጋር ላከቻት፤ ምን እንደሚጠጣ አይታ እንድትነግራት።

አመሻሹ ላይ ሱቋን ዘግታ ደረጃውን ስትወጣ ሽንኩርቱ መሐል ላይ ተቀበላት። ፕሮፌሰር በካናቴራ ብቻ በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቷ ራሷን አሟት ተኝታለች አለ፣ አክስቱ ፊት ድረስ ተጠግቶ፣ በረጅሙ እየተነፈሰ። ያን ያህል ተጠግቶ አነጋግሯት አያውቅም። አክስት ከዚያ በላይ ምስክር አላስፈለጋትም። ያላትን ሁሉ አወረደችበት፤ አባቱ ሰኞ ከመንገድ ሲመለስ ስልክ እንደምትደውልለትም ነገረችው።

«እሺ አክስቴ» አለ።

ቅዳሜና እሑድን ሙሉ የከነከናት ይህ «እሺ» ነው። ዝናብ እየዘነበ ዘነበ ብትለው የሚከራከራት ልጅ እንዴት እሺ ይላል?

ሰኞ ጠዋት የሬስቶራንት የጠረጴዛ ልብስ ልታጥብ ከረጢቱን ፈታች። በእሷ ቤት አንድም ጨርቅ መብራት ሥር ተዘርግቶ እድፉ በጠመኔ ሳይከበብ ማሽን ውስጥ አይገባም። ፕሮፌሰር ይህን እያወቀ የገዛ ጃኬቱን ከጠረጴዛ ልብሶቹ መሐል ወትፎት አገኘችው። ላውንደሪ ውስጥ እያደገ ልብስ ላውንደሪ ውስጥ የሚደብቅ ሊቅ እሱ ብቻ መሆን አለበት።

ዘረጋችው። ፊቱ ንጹሕ ነው፣ እጅጌው ንጹሕ ነው። ገለበጠችው። ከግራው ትከሻ በስተጀርባ ትውከት ደርቋል፤ ከጎኑ ደግሞ ክብ የቅባት ምልክት አለ። ጠመኔዋን አንሥታ ልትከብበው ስትል ሽታው አስቆማት። የጥብስ ቅጠል። እሷ ራሷ በወይራ ዘይት ነክራ የምታዘጋጀው የፀጉር ቅባት ነው፤ ያንን ቅባት የምትቀባው ደግሞ በዚህ ምድር አንዲት ራስ ብቻ ናት።

ጠመኔውን እንደያዘች ተቀመጠች። መልአኳ በሰው ጀርባ ታዝላ ደረጃውን ስትወጣ ታያት። ቀጥሎም ያ ሁሉ ሽንኩርት ለምን እንደ ነበር ገባት። አፍንጫዋ በእሱ እንዲሞላና ወደ ውስጠኛው ክፍል እንዳታልፍ ነው።

ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችው።

«የማን ነው?»

«ጃኬቱም የኔ፣ ትውከቱም የኔ።»

«በጀርባህ ነው የምታስታውከው?»

ፕሮፌሰር አሰበ። «ሳይንሱ ገና አልደረሰበትም» አለ።

መሳቅ አልነበረባትም፣ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። እሱም ስታለቅስ ጊዜ ሁሉንም አወጣው። ድግስ ላይ ጠርሙሱን የሚይዘው እሱ ነው። የሚቀዳ ሰው ራሱ ይጠጣ አይጠጣ ልብ የሚልበት የለም፤ ለትንንሾቹም ከቢራው ይልቅ ለስላሳውን ያበዛላቸዋል። ቅዳሜ ግን በረዶ ሊያመጣ ወጥ ቤት ሲገባ ልጅቷ ከሌላ ሰው እጅ ተቀብላ ጠጣች።

«አንተስ?» አለች አክስቱ።

«አንዴ አፌ ውስጥ አድርጌ ተፋሁት። ይመራል።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ዕውቀት?»

«ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።»

«ሽንኩርቱስ? ካልጠጣህ ምን አስኘከህ?»

«ሽንኩርቱ ለክብር ነው» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «አይጠጣም ከተባልኩ አይጠሩኝም፣ አክስቴ። ካልጠሩኝ ደግሞ እነዚያን የሰከሩትን ማን ይዟቸው ይመጣል?»

መልአኳ ስትጠየቅ አልካደችም። ሲጠጡ ምን እንደሚያስቃቸው ማወቅ ፈልጋ ነበር። እናቷ፣ ጉጉቱን ከማን እንደወረሰች እያወቀች፣ ታዲያ አወቅሽ ወይ አለቻት። አላወቀችም፤ ሳቁ ጋ ሳትደርስ አስመለሳት። ጃኬቱን በእጇ እንድታጥብ ተፈረደባት፣ እስከ ፈተና ድረስም ድግስ ቀረባት። ፕሮፌሰርም አንድ ግዴታ ገባ፤ ከእንግዲህ ልጅ ሲታመም ለብቻው አያዝልም፣ ለአክስቱ ይደውላል።

ማታ ወንድሟ ራሱ ደወለ። ቅዳሜ ማታ በላክሽልኝ መልእክት የምነግርህ አለ ብለሽኝ ነበር አላት፤ ድምፁ ከወዲሁ ከብዷል። አዎ፣ ልጅህ ትከሻው ሰፍቷልና ጃኬት ሊገዛለት ይገባል አለችው።

ቅዳሜ ጓደኞቹ ሊወስዱት መጥተው ላውንደሪው በር ላይ ተኮለኮሉ። ፕሮፌሰር ታጥቦ የተተኮሰውን ጃኬት ለብሶ ሲወጣ አክስቱ ካውያዋን እንደያዘች ተከተለችው።

«አንተ ሰካራም!» አለች፣ ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን አቁማ እስክትወጣ ድረስ። «ዛሬ ደግሞ የት ልትጋት ነው? ያሳለፍነው ቅዳሜ መጠጥ አልበቃህም?»

ልጆቹ ወደ ፕሮፌሰር የተመለከቱት በአክብሮት ነው። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮው ድረስ በደስታ ቀልቶ፣ እጁን ኪሱ ከተተ፤ እዚያም ተልጦ በስስ ፌስታል የተጠቀለለ ቀይ ሽንኩርት አገኘ።